እቴጌ ጣይቱ ብጡል፦ የእንግዳ አቀባበል ባህልን ወደ ሆቴል አገልግሎት ያሸጋገሩ መሪ

ከባሕር ዳር በአዴት በኩል ወደ ሞጣና ቢቸና የሚያመራው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ በደብረ መዊዕ አካባቢ ያልፋል። በዚህ ስፍራ የሚገኘው ጥንታዊ ገዳም ከአገሪቱ የሆቴል አገልግሎት ታሪክ ጋር የሚያያዝበት አንድ ምክንያት አለው። በኢትዮጵያ የዘመናዊ ሆቴል ሥራ ፋና ወጊ የሆኑት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ከልጅነት ዘመናቸው ከፊሉን ያሳለፉት በዚሁ ገዳም አካባቢ እንደነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ።

እቴጌ ጣይቱ በስፋት የሚታወቁት የውጫሌን ውል በመቃወም ባሳዩት ጽናትና በዓድዋ ጦርነት ባበረከቱት አስተዋጽኦ ነው። ይሁን እንጂ የአንድን ስፍራ የተፈጥሮ ጸጋ አይተው ለከተማ ምሥረታ የመረጡ፣ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ማደሪያና ምግብ በክፍያ የሚያገኝበትን ሥርዓት የዘረጉ መሪ መሆናቸው የዚያን ያህል ትኩረት ሲሰጠው አይታይም።

በአሁኑ ወቅት ተራራን፣ ደንን፣ ሐይቅንና የዱር እንስሳትን መስህብ ያደረጉ ደረጃቸውን የጠበቁ ሆቴሎችና ሎጆች በአገራችን በልዩ ልዩ አካባቢዎች በመስፋፋት ላይ ይገኛሉ። የጮቄን ተራራና የዓባይን ሸለቆ በጉያው የያዘው ምሥራቅ ጎጃምም የዚሁ ዕድል ተቋዳሽ ለመሆን የሚያስችል ሀብት አለው። በመሆኑም እንግዳው ለምን ይመጣል፣ ማንስ እንዴት ያስተናግደዋል፣ የመጣበት የተፈጥሮ ሀብትስ እስከ መቼ ይዘልቃል የሚሉት ጥያቄዎች ዛሬ በየወረዳው የሚነሱ ናቸው። ሦስቱም ጥያቄዎች በእቴጌ ጣይቱ የሕይወት ታሪክ ውስጥ በተግባር ተፈትነው ያለፉ ናቸው።

ትውልድና አስተዳደግ

እቴጌ ጣይቱ የተወለዱት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ሲሆን፣ አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም፣ እናታቸውም ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። ራስ ብጡል የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ወንድም ናቸው። የአባታቸው ወገን መነሻ የሆነው የሰሜን ምድር ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚገኙበት፣ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገኝበት አካባቢ ነው።

ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ድል ሲነሱ የቤተሰቡ ሥልጣን አከተመ። ካሣም ወዲያውኑ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የራስ ብጡል ልጆችም እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ የመሳፍንት ልጆች ከተመቻቸ ኑሮ ወደ ተንከራታችነት የተሸጋገሩት በልጅነታቸው ነበር። አባታቸው ካረፉ በኋላ ጣይቱ ወደ ጎጃም መጥተው በደብረ መዊዕ አካባቢ ኖረዋል።

በዘመኑ ለሴቶች ልጆች እምብዛም ያልተለመደውን የንባብና የጽሕፈት ትምህርት የቀሰሙ ሲሆን፣ ግዕዝ ያውቁ፣ በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥም ይጫወቱ እንደነበር ይነገርላቸዋል። በሌላ በኩል የገዳም ሥርዓት እንግዳን መቀበልን እንደ በጎ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን እንደ መደበኛ ሥራ የሚቆጥር ነው። መጋቢ የሚባለው ኃላፊ የገዳሙን እህልና ጉልት ይቆጣጠራል፤ ለመነኮሳቱ፣ ለተማሪዎቹና ለመንገደኛው የሚሰጠውም በልክና በሥርዓት ይወጣል። ጣይቱ እንዲህ ባለ አካባቢ ማደጋቸው በኋላ ዘመን ላሳዩት የአስተዳደር ብቃት መሠረት ሳይሆን እንዳልቀረ መገመት ይቻላል።

የቤተ መንግሥቱ ባለቤት

ጣይቱ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በቁርባን ተጋቡ። ከዚያ በፊት የነበሩት ትዳሮቻቸው ያልጸኑ ሲሆን፣ ከምኒልክም ልጅ አልወለዱም። የአካባቢ መሠረታቸው ሰሜንና በጌምድር በመሆኑ በሸዋ መኳንንት ዘንድ እንደ ባዕድ የሚታዩበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። ይህም ሆኖ በብልህነታቸውና በሥራ ወዳድነታቸው የቤተ መንግሥቱ ዋነኛ አማካሪ ለመሆን በቅተዋል። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ሲነግሡ ጣይቱም እቴጌ ተብለው ዘውድ ጭነዋል።

በጊዜው የቤተ መንግሥት አስተዳደር ማለት በአመዛኙ የግብር አስተዳደር ነበር። ሠራዊቱ፣ መኳንንቱ፣ ካህናቱና ደጅ ጠኚው በንጉሡ አዳራሽ በየተራ እየገባ ይመገባል። ለዚህም ወጥ ቤቱ፣ እንጀራ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱና ጎተራው እያንዳንዱ በኃላፊ የሚመራ፣ አጋፋሪው የእንግዳውን መግቢያና መቀመጫ እንደየማዕረጉ የሚወስንበት፣ አሳላፊው ምግቡንና መጠጡን በሥርዓት የሚያቀርብበት ሰፊ ድርጅት ነበር። በበዓላት ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚስተናገድበትን ይህን ድርጅት በበላይነት ይመሩ የነበሩት እቴጌ ጣይቱ ናቸው።

ከ1880 ዓ.ም. በኋላ በአገሪቱ ላይ የደረሰውና ክፉ ቀን በመባል የሚታወቀው ታላቅ ረሃብ ደግሞ ይህን ሥርዓት በጽኑ ፈትኖታል። የከብት እልቂት የእርሻ በሬዎችን በጨረሰበት በዚያ ዘመን ቤተ መንግሥቱ ያከማቸውን እህል ለተራበው ሕዝብ አከፋፍሏል። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም የእርሻ ሥራ እንደገና እንዲነሣ ብርቱ ጥረት አድርገዋል።

ፍል ውሃና የአዲስ አበባ ምሥረታ

ለእንግዳ መምጣት የመጀመሪያው ምክንያት የስፍራው ተፈጥሮ መሆኑን የአዲስ አበባ አመሠራረት በግልጽ ያሳያል። ከከተማዋ መቆርቆር በፊት የምኒልክ መናገሻ በእንጦጦ ተራራ ላይ የነበረ ሲሆን፣ ስፍራው ለጦር ጥበቃ የተመቸ ቢሆንም ብርድና ንፋስ የበዛበት፣ ውሃና ስንቅ ለማድረስም አስቸጋሪ ነበር። ከተራራው ግርጌ ግን ፍል ውሃ የሚፈልቅበት፣ ዛፍና ሣር የለበሰ ለም ሜዳ ይታያል።

የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ለመታጠብና ለመታከም ወደ ፍል ውሃው እየወረዱ በድንኳን መሰንበት የተለመደ ነበር። እቴጌ ጣይቱም የአካባቢውን አየርና ልምላሜ ስለወደዱት በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃው አቅራቢያ ቤት አሠሩ። ቀስ በቀስም መኳንንቱ በዙሪያው ቦታ እየተመሩ ሰፈሩ። በሜዳው ላይ ያዩት አበባ ስላስደሰታቸው ለስፍራው አዲስ አበባ የሚለውን ስም እንዳወጡለት ይነገራል። ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ የሆነችው ከተማ መነሻዋ ፍል ውሃ፣ ለም መስክና ተስማሚ አየር ነው።

በዛሬው የቱሪዝም ባለሙያዎች አነጋገር ይህ የመስህብ ስፍራ መምረጥ የሚባለው ሥራ ነው። እንግዳው ወደ ስፍራው የሚሳበው በግንባታው ግዙፍነት ሳይሆን ተፈጥሮ በለገሰችው ሀብት ነው፤ ግንባታው የሚከተለው ያንን ሀብት ተመርኩዞ ነው።

የእንጦጦ ደን የተወው ትምህርት

ይሁን እንጂ የተፈጥሮ ሀብት ካልተጠበቀ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያልቅ ያሳየችውም ይህችው ከተማ ነበረች። የከተማዋ ነዋሪ ቁጥር በፍጥነት ሲጨምር የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ፍላጎትም በዚያው ልክ ናረ። የቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤቶችና የጠጅ ቤቶች ራሳቸው ከፍተኛ የማገዶ ተጠቃሚዎች ነበሩ። በእንጦጦና በአካባቢው ተራሮች የነበረው የጽድና የወይራ ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። እንጨት ከሩቅ እየተጫነ መምጣት በመጀመሩም አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር።

አዲስ አበባን ከመለቀቅ ያዳናት በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ በፍጥነት በማደጉ የከተማዋን የማገዶ ችግር አቃልሏል። ነገር ግን የጽዱንና የወይራውን ደን፣ በውስጡም ይኖሩ የነበሩትን አዕዋፍና እንስሳት መልሶ አልተካም። ከተማዋ ብትተርፍም እንግዶችን ወደ ስፍራው የሳበው የቀድሞው ተፈጥሮ ግን ከፊሉ ጠፍቷል።

ይህ ሁኔታ የአንድ ሰው ጥፋት ተደርጎ የሚወሰድ አይደለም። በዚያን ዘመን ደንን በእቅድ የመጠበቅና የመጠቀም አሠራር በአገሪቱ አልተዘረጋም ነበር። ሆኖም መናገሻ ከተማ እስከ ማዛወር የሚያደርስ ችግር ከምሥረታው 20 ዓመት እንኳ ሳይሞላ መከሰቱ፣ ጥበቃን ከልማት በኋላ የሚመጣ ሥራ አድርጎ መመልከት የሚያስከትለውን ዋጋ የሚያሳይ ነው።

ከዓድዋ ድል በኋላ የመጣው እንግዳ

በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛና በኢጣሊያንኛ የተለያየ ትርጉም መያዙ ሲታወቅ ውሉን በብርቱ ከተቃወሙት መካከል እቴጌ ጣይቱ ግንባር ቀደም ነበሩ። ጉዳዩ ወደ ጦርነት ሲያመራም የራሳቸውን ሠራዊት አስከትለው ዘምተዋል። በመቀሌ ምሽግ የነበረው የኢጣሊያ ጦር የሚጠጣው ውሃ እንዲያዝ የተደረገው በእርሳቸው ምክር እንደሆነ በታሪክ ተመዝግቧል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በተደረገው የዓድዋ ጦርነትም ተዋጊውን በማበረታታት፣ ለቁስለኛው ውሃና እርዳታ እንዲደርስ በማድረግ የማይተካ ሚና ተጫውተዋል። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተመራው የጎጃም ሠራዊትም በዚሁ ድል ተካፋይ ነበር።

ድሉ ኢትዮጵያን በዓለም መድረክ ላይ አሳወቃት። የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝ፣ የሩሲያና የኢጣሊያ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን ላኩ፤ በአዲስ አበባም የውጭ ለጋሲዮኖች ተከፈቱ። ከዲፕሎማቶቹ ጋር ነጋዴው፣ መሐንዲሱ፣ ሐኪሙ፣ አገር አሳሹና አዳኙ ተከትለው መጡ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ደግሞ የመንገደኛው ቁጥር ይበልጥ ጨመረ።

ይህ እንግዳ የት ይደር የሚለው ጥያቄ ለመንግሥት አሳሳቢ ሆነ። በአገሪቱ ባህል መንገደኛ የእግዚአብሔር እንግዳ ነው፤ በደረሰበት ቤት ይስተናገዳል እንጂ ለበላበትና ላደረበት አይከፍልም። የመንግሥት እንግዳ የሆነ ደግሞ ድርጎ ይሰፈርለታል። ይህ ሥርዓት ለጥቂት መንገደኞች የሚበቃ ቢሆንም ወራት ለሚቆይ፣ የተለየ ምግብና መኝታ ለሚፈልግ፣ ቁጥሩም በየዓመቱ ለሚጨምር እንግዳ የሚያገለግል አልሆነም። አንዳንዱ የውጭ ሰው በድንኳን ይሰነብት፣ ሌላውም በአገሩ ሰው ቤት ይጠጋ ነበር።

እቴጌ ሆቴል

እቴጌ ጣይቱ ለዚህ ችግር ያገኙት መፍትሔ በአራዳ ሆቴል ማቋቋም ነበር። የሆቴሉ ሕንፃ በ1898 ዓ.ም. የተሠራ ሲሆን፣ በ1900 ዓ.ም. ሥራውን ጀምሯል። የእንጨት ደረጃው፣ ሰፋፊ በረንዳውና ከፍ ያለ ጣሪያው በዘመኑ ከነበሩት የከተማዋ ቤቶች ለየት የሚያደርገው ሲሆን፣ ለእንግዶች የተዘጋጁ የመኝታ ክፍሎችና የምግብ አዳራሽ ነበሩት። በጊዜው መመዘኛ የአገሪቱ የቅንጦት ሆቴል ይህ ነበር።

ዋናው ችግር ግን ከሕንፃው ሥራ በኋላ የመጣው ነው። የአገሬው ሰው ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላት አልለመደም። ለበላው ሒሳብ መጠየቅ ከንፉግነት ይቆጠር ነበር፤ እንጀራ መሸጥም ለጨዋ ሰው የሚገባ ሥራ ተደርጎ አይታይም። በታሪክ እንደሚወሳው ሆቴሉ እንደተከፈተ ወደዚያ የሄዱ አንዳንድ ሰዎች የእቴጌይቱ ግብር መስሏቸው ተመግበው ሲነሱ ሒሳብ በመጠየቃቸው ተደናግጠዋል። ወሬው በመሰማቱም ሌላው ሰው ወደ ሆቴሉ ከመሄድ ተቆጠበ።

አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ይህን ልማድ ለመለወጥ የተጠቀሙት በትእዛዝ ሳይሆን በአርአያነት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው በሆቴሉ ተመግበው ሒሳብ በመክፈል፣ ሌሎቹም ወዳጆቻቸውን በየተራ እየጋበዙ እንዲከፍሉ በማድረግ ነገሩ እንዲለመድ ጥረት ማድረጋቸው ይነገራል። በዚህም ምግብ ማብሰል፣ አልጋ ማንጠፍና እንግዳን ማስተናገድ ዋጋ የሚከፈልበት፣ የሚከበርም የሥራ መስክ መሆን ጀመረ።

የእቴጌይቱ ትልቁ አስተዋጽኦ ይህ እንደሆነ ለመናገር ይቻላል። የእንግዳ ተቀባይነት ባህሉን አላፈረሱትም፤ ቤተ መንግሥቱም የግብር ሥርዓቱን እንደቀጠለ ነበር። ነገር ግን ደግነት ብቻውን ዘላቂ አገልግሎት ሊሆን እንደማይችል ተረድተው፣ በዋጋ፣ በሒሳብና በኃላፊነት የሚመራ ሌላ ተቋም በጎኑ አቆሙ። በተጨማሪም የአገሪቱ የበላይ ሴት ስማቸውን ለምግብ ቤት መስጠታቸው በእጅ ሥራ የሚተዳደረውን ሰው ይንቅ ለነበረው አስተሳሰብ ተግባራዊ መልስ ሆኗል።

ከአደን ወደ ጥበቃ

በዚያን ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ይመጡ ከነበሩት የውጭ መንገደኞች ጥቂት የማይባሉት የዱር እንስሳትን ለማደን የሚመጡ ነበሩ። ዝሆን ስለ ጥርሱ፣ አንበሳና ነብር ስለ ቆዳቸው፣ ጎሽና አውራሪስም ስለ ግዳይ ይታደኑ ነበር። በአገሬው ባህልም ቢሆን ትልቅ አውሬ የገደለ ሰው ክብርና ሽልማት ያገኛል። በዚህም የተነሣ የዝሆን ቁጥር እየተመናመነ በመሄዱ በ1901 ዓ.ም. ገደማ በአፄ ምኒልክ መንግሥት የወጣው የአደን መቆጣጠሪያ ደንብ በአገሪቱ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ታሪክ እንደ መነሻ ይጠቀሳል።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት እንግዳው ወደ ዱር የሚሄድበት ዓላማ ቀስ በቀስ ተለወጠ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት ተቋቋመ፤ የአዋሽና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮችም ተከታትለው ተከለሉ። እንግዳው ጠመንጃውን ትቶ በመነጽርና በፎቶግራፍ ካሜራ እንስሳቱን በሕይወት ሳሉ ለማየት መምጣት ጀመረ። ይህ ለውጥ ለማደሪያ ቤቱም ትልቅ ትርጉም አለው። አዳኝ የገደለውን ይዞ ይሄዳል፤ ተመልካች ግን ትቶት ስለሚሄድ ያው እንስሳ በቀጣዩ ዓመት ሌላ እንግዳ ይስባል።

የመጨረሻው ዘመን

ሆቴሉ ሥራ በጀመረበት ወቅት የአፄ ምኒልክ ጤና መታወክ ጀምሮ ነበር። ሕመሙ እየጠናባቸው ሲሄድ የመንግሥቱ ሥራ በአመዛኙ በእቴጌ ጣይቱ እጅ ወደቀ። ሹም ሽር በማድረጋቸውና ዘመዶቻቸውን በሥልጣን ላይ በማስቀመጣቸው ከሸዋ መኳንንት ብርቱ ተቃውሞ ገጠማቸው። በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ እንዲገለሉና የታመሙትን ባለቤታቸውን በማስታመም ብቻ እንዲወሰኑ ተደረገ።

አፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እቴጌ ጣይቱ ከቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ እንጦጦ ማርያም ሄዱ። ከ30 ዓመት ገደማ በፊት ወርደው ከተማ የቆረቆሩበትን ሜዳ ከተራራው ላይ ሆነው እየተመለከቱ ቀሪ ዘመናቸውን በጸሎት አሳለፉ። ወደ ፖለቲካው ለመመለስም ሆነ ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ለመሄድ አልታደሉም። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. አርፈው በእንጦጦ ማርያም የተቀበሩ ሲሆን፣ በኋላ አጽማቸው ወደ ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም ተዛውሮ ከአፄ ምኒልክ ጎን እንዲያርፍ ተደርጓል።

ያቋቋሙት ሆቴል ግን ከሥልጣናቸውም ከዕድሜያቸውም በላይ ቆይቷል። በኢጣሊያ ወረራ፣ በንጉሡ ዘመንና በደርግ ዘመን ስሙና ባለይዞታው እየተቀያየረ አልፏል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በደረሰበት የእሳት ቃጠሎ ጃዝ አምባ ይባል የነበረውን የሙዚቃ አዳራሽ ጨምሮ ከፊሉ ጉዳት ቢደርስበትም ጥገና ተደርጎለት ወደ አገልግሎት ተመልሷል።

ለሞጣና ለቢቸና ያለው ትምህርት

እቴጌ ጣይቱ በልጅነታቸው ካደጉበት ከደብረ መዊዕ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚዘልቀው የምሥራቅ ጎጃም ምድር የተፈጥሮና የታሪክ ሀብት የታደለ ነው። ሞጣ አቅራቢያ በዓባይ ወንዝ ላይ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገረው ሰባራ ድልድይ ጎጃምን ከበጌምድር ሲያገናኝ ኖሯል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን መካከለኛው ክፍል በመፍረሱ መንገደኛው በገመድ እየተሳበ የሚሻገርበት ጊዜ የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ለእግረኛ መሻገሪያ የሚሆን አዲስ ድልድይ ተሠርቶለታል። በቢቸና በኩል ደግሞ በቅኔ ትምህርት ስመ ጥር የሆነው ዲማ ጊዮርጊስ፣ ከፍ ብሎም ደብረ ወርቅ ማርያምና መርጡለ ማርያም ይገኛሉ። ቢቸና የአርበኛው የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አገር በመሆንም ትታወቃለች።

ከእነዚህ ሁሉ በስተ ምዕራብ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ ይገኛል። ሱሃ፣ ሙጋ፣ ጨሞጋና ተምጫን ጨምሮ በርካታ ወንዞች ከዚህ ተራራ እየመነጩ ወደ ዓባይ ይገባሉ። በአናቱ ጅብራና አስታ ይበቅላሉ። የጮቄ ተራራ ሥነ ምህዳራዊ መንደር በ2015 ዓ.ም. በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደር ተብሎ ዕውቅና ማግኘቱም የስፍራው መስህብነት ዓለም አቀፍ ተቀባይነት እንዳለው ያረጋገጠ ነው።

ነገር ግን የእንጦጦ ደን ታሪክ በጮቄም እየተደገመ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። እርሻ ወደ ተራራው አናት እየገፋ በመሄዱ፣ ልቅ ግጦሽና የማገዶ ቆረጣም በመበራከቱ የተራራው ዕፅዋት ተጎድተዋል፤ አፈሩም በየክረምቱ ወደ ዓባይ ይታጠባል። በአንድ ወቅት በስፍራው ይኖር የነበረው ቀይ ቀበሮ ከጮቄ መጥፋቱን የዘርፉ ጥናቶች አመልክተዋል። የጠፋ እንስሳ እንግዳ አይስብም፤ የደረቀ ምንጭ አጠገብ የሚሠራ ሎጅም የሚያሳየው ነገር አይኖረውም።

በነሐሴ ወር 2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የገበታ ለአገር ፕሮጀክት በጎርጎራ፣ በወንጪና በኮይሻ የተጀመሩት ሥራዎች በተፈጥሮ ሀብት ላይ የተመሠረተ የሆቴል ልማት በመንግሥት ደረጃ ትኩረት ማግኘቱን ያሳያሉ። በዝሆን መኖሪያነቱ በሚታወቀው የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ የተሠራው የዝሆን ዳና ሎጅ ለዚህ ተጠቃሽ ነው። በሰሜን ተራሮች ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተሠራው ሎጅም በደጋ ምድር ላይ ደረጃውን የጠበቀ አገልግሎት መስጠት እንደሚቻል አሳይቷል። እነዚህ ስፍራዎች የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር ማደሪያው ዋጋ የሚያወጣው በዙሪያው ያለው ደን፣ ውሃና እንስሳ እስካለ ድረስ ብቻ መሆኑ ነው።

በመሆኑም በምሥራቅ ጎጃም መሰል ልማት ለማካሄድ የሚያስቡ የዞንና የወረዳ አስፈጻሚ አካላት ከእቴጌ ጣይቱ ሥራ ሊወስዱት የሚችሉት ትምህርት ሦስት መልክ አለው። አንደኛው የቦታ መረጣን የሚመለከት ሲሆን፣ ለባለሀብት መሬት ከመስጠት በፊት በስፍራው ያለውን የተፈጥሮ ሀብት መዝግቦ ማወቅና እንግዳው የሚመጣበትን ምክንያት ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የአገልግሎት ጉዳይ ነው። የአካባቢው ወጣት መንገድ መሪ፣ ምግብ አብሳይ፣ አስተናጋጅና የበቅሎ አከራይ ሆኖ የሚሠራበት ሥልጠና፣ ዋጋና የሒሳብ አያያዝ ካልተበጀ ባህላዊው ደግነት ብቻውን ገቢ አያስገኝም። ሦስተኛው ደግሞ ጥበቃን ከግንባታው አስቀድሞ መጀመር ነው። ይህም ከግጦሽና ከእርሻ የሚከለለው መሬት የአርሶ አደሩ መተዳደሪያ በመሆኑ፣ ከሚገኘው ገቢ ድርሻው በቅድሚያ ሊወሰንለት ይገባል።

ከሁሉ በላይ ግን ሰላም የቱሪዝም መሠረት ነው። እቴጌ ሆቴል የተከፈተው የዓድዋ ድል የአገሪቱን ነጻነት ካረጋገጠ፣ መንገደኛውም ያለ ስጋት መመላለስ ከጀመረ በኋላ ነበር። የሞጣና የቢቸና መንገድም የሩቅ እንግዳን ለመሳብ የሚበቃው ተጓዡ በሰላም ወጥቶ በሰላም ሲገባበት ነው።

እቴጌ ጣይቱ በአንድ የሕይወት ዘመን ከተማ መሥርተዋል፤ ሆቴልም አቋቁመዋል። የእንጦጦን ደን መልሶ መተካት ግን በእርሳቸውም ሆነ ከእርሳቸው በኋላ በመጡት ዘመን ቀላል አልሆነም። በጮቄ ላይ ያለው ጅብራና አስታ፣ ከሥሩ የሚፈልቀው ውሃም ዛሬ በቦታቸው ናቸው፤ ሎጅ ከመሠራቱ በፊት እነርሱን የማቆየቱ ሥራ ደግሞ በአሁኑ ጊዜ በኃላፊነት ላይ የሚገኙ የመንግሥት ሠራተኞችና የአካባቢው ነዋሪዎች ድርሻ ነው።